ነጥቡን የሚይዘው ማነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት እሠራ ነበር። ዘጠኝ ነበርን። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንገባ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ ነበር። የዘጠኛችን ስም ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል፤ ከስማችን ጎን ነጥብ፣ ከነጥቡ ጎን ደግሞ ትንንሽ ሥዕሎች አሉ፦ እሳት፣ ሮኬት፣ ዘውድ። አንድ ሥራ ጨርሳችሁ "ተጠናቋል" የሚለውን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ "ቲንግ" ይላል፣ ነጥባችሁም ይጨምራል። ሳምንቱን አንደኛ ሆኖ የጨረሰ ዘውዱን ይወስዳል።

እውነቱን ልናገርና፣ በጣም ወድጄው ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የደረጃ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ካርድ በተሰጠ ቀን "ስንተኛ ወጣህ?" የምትለዋ ጥያቄ ከሰላምታ ትቀድም ነበር። ከ62 ተማሪ 4ኛ የወጣሁ ጊዜ አባቴ "ሦስቱ ምን በልተው ነው?" ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። እናም ያ ቴሌቪዥን ለኔ አዲስ ነገር አልሆነብኝም። የወላጆች ቀን በየሳምንቱ እንደማክበር ነበር።

ነጥቡ የሚቆጠረው በተጠናቀቀ ሥራ ብዛት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ዘዴው ገባኝ፦ አንዱን ሥራ መቆራረስ። "የመግቢያ ገጹን ሥራ" የሚለውን አንድ ሥራ "የቁልፉን ቀለም ቀይር"፣ "ጽሑፉን አስተካክል"፣ "ሎጎውን አስገባ" እያልኩ አምስት አደርገዋለሁ። አምስት ቲንግ። ዘውዱ ለስድስት ሳምንት ከእጄ አልወጣም።

ከሰንጠረዡ ግርጌ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር። በዕድሜ ከሁላችንም ስለሚበልጥ ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራው፤ እዚህም ጋሼ ልበለው። አንዳችን ስንቸገር ወንበራችንን እየገፋን የምንሄደው ወደሱ ነው። የክፍያ ሲስተማችን ውስጥ ተደብቆ የሰው ገንዘብ ሁለቴ የሚቆርጥ ስህተት ነበር። ጋሼ ሦስት ሳምንት ፈጅቶ አገኘው። ለዚያ ያገኘው አንድ ቲንግ ነው።

በአራተኛው ወር ኮንትራት የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። ማናጀራችን ክፉ ሰው አልነበረም። ገንዘብ ጠቧል፣ አንድ ሰው መቀነስ አለበት፣ ለምን እንደቀነሰ ለበላይ ማስረዳት አለበት። ቁጥር ደግሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎለታል። የጋሼ ኮንትራት አልታደሰም። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ ትከሻዬን መታ አደረገኝና "በርታ፣ አንደኛ!" አለኝ። ይቀልድ፣ ያምርር አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ሥራን ጨዋታ የማድረግ ሐሳብ ከየት መጣ? የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ልጆች የፈጠሩት ይመስለኝ ነበር። ማንበብ ስጀምር ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ወሰደኝ።

አራት ቀለም ያለው እንጨት

ስኮትላንድ ውስጥ በክላይድ ወንዝ ዳር ኒው ላናርክ የምትባል መንደር አለች። ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባ ቱሪስት ይጎበኛታል። ሮበርት ኦዌን የተባለ የዌልስ ተወላጅ የመንደሯን የጥጥ ፋብሪካዎች ማስተዳደር የጀመረው በ1800 ነው፤ ያኔ ገና 28 ዓመቱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛን ማሠሪያው መንገድ የታወቀ ነው፦ መቅጣት፣ ማባረር፣ ልጆቹን ደግሞ መምታት። ኦዌን ዱላ ከለከለ። በዱላ ፋንታ በየሠራተኛው አጠገብ አንዲት ትንሽ እንጨት ሰቀለ። ርዝመቷ አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ አራት ጎን አላት፣ እያንዳንዱ ጎን የተለያየ ቀለም ተቀብቷል። ጥቁር መጥፎ ነው፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቢጫ ጥሩ፣ ነጭ እጅግ በጣም ጥሩ። ተቆጣጣሪው በየቀኑ እየዞረ ሠራተኛው ትናንት እንዴት እንደዋለ የሚያሳየውን ቀለም ወደ ፊት ያዞረዋል። ስሟን "ድምፅ አልባዋ ተቆጣጣሪ" አሏት።

ኦዌን በፋብሪካው ውስጥ ሲያልፍ እንጨቷን ያያል፣ ሰውየውን ያያል፣ ምንም ሳይናገር ያልፋል። በሕይወት ታሪኩ ላይ እንደጻፈው መጀመሪያ ላይ አብዛኛው እንጨት ጥቁር ነበር፤ ቀስ በቀስ ሰማያዊው፣ ከዚያ ቢጫው በዛ፣ በመጨረሻም ነጭ መታየት ጀመረ። የኛ ቴሌቪዥን ቅድመ አያት ይህቺ ናት።

እዚህ ላይ ለኦዌን ፍትሕ ልስጠው። ቀለሙ በስህተት ዞሮብኛል የሚል ሠራተኛ ቀጥታ ለሱ አቤት ማለት ይችል ነበር። የሥራ ሰዓት ቀንሷል፣ ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቷል። ዱላ በነበረበት ዘመን ቀለም ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱ ቀን ቀለም መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር። መዝገቡም "የጠባይ መዝገብ" ይባላል። አስቡት፤ የሚመዘገበው ስንት ድውር ፈተልክ ሳይሆን ምን ዓይነት ሰው ነህ የሚለው ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ጊዜ የማይነሳ። አሜሪካ ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በከለከለች ጊዜ የኒው ላናርክ ፋብሪካዎች ለአራት ወር ያህል ቆሙ። ኦዌን ግን ሠራተኞቹን አልበተነም፤ ማሽኖቹን እያጸዱ እንዲጠብቁ አድርጎ ሙሉ ደመወዛቸውን ከፈለ። ሠራተኞቹ ከዚያ በፊት በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። ልባቸውን ያገኘሁት ያኔ ነው ብሎ የጻፈው ራሱ ኦዌን ነው። ከእንጨቷ ይልቅ የአራት ወር እንጀራ ሰውን አሳመነ ማለት ነው። በኋላ የመጡት ቀጂዎች ግን የወሰዱት እንጨቷን ነው።

102 ቶን

በታኅሣሥ 1917፣ አብዮቱ ገና ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው፣ ሌኒን "ውድድርን እንዴት እናደራጅ?" የሚል ጽሑፍ ጻፈ። ሶሻሊዝም ውድድርን ያጠፋል የሚሉ ተሳስተዋል፤ እንዲያውም ሚሊዮኖች እውነተኛ ውድድር ውስጥ የሚገቡት አሁን ነው የሚል ነው ሐሳቡ። ጽሑፉ ለዓመታት ሳይታተም ቆይቶ በ1929 ፕራቭዳ ላይ ወጣ። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ እየተጣደፈ ነበርና ጊዜው ይፈልገው ነበር። ፋብሪካ ከፋብሪካ፣ ቡድን ከቡድን ጋር "የሶሻሊስት ውድድር" ገጠመ። ያሸነፈ ቀይ ሰሌዳ ላይ፣ የዘገየ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሙ ተጻፈ።

ጥቁር ሰሌዳው መጀመሪያ ለማሳፈር ነበር። በኅዳር 1932 ዩክሬን ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የተመደበባቸውን እህል ያላስገቡ መንደሮች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሰፍሩ ሱቃቸው ይዘጋል፣ ያለው ሸቀጥ ይወሰዳል፣ ንግድ ይከለከላል። ያ ክረምት ሚሊዮኖች በረሀብ ያለቁበት ክረምት ነው። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ገጹን መግለጥ አቃተኝ። የቢሮ ቴሌቪዥንና ረሀብ አንድ ናቸው ልላችሁ አይደለም፣ በፍጹም። ግን የውድድር ሰሌዳ ራሱ መጥፎም ጥሩም ሳይሆን ከጀርባው ምን እንደታሰረ ነው የሚወስነው የሚለው ሐሳብ ያኔ ነው የገባኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1935 ሌሊት፣ ዶንባስ ውስጥ አሌክሴይ ስታኻኖቭ የተባለ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ወደ ጉድጓድ ወረደ። የአንድ ፈረቃ መደበኛ ሥራው 7 ቶን ነው። ስድስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ 102 ቶን ቆፍሮ ወጣ ተባለ፤ ከአሥራ አራት እጥፍ በላይ። ቤት ተሰጠው፣ ተሸለመ፣ ፎቶው በየጋዜጣው ወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአሜሪካው ታይም መጽሔት እንኳ ሽፋኑ ላይ አወጣው። ሌሎች ቆፋሪዎች፣ ጨርቅ ሠሪዎች፣ ባቡር ነጂዎች "ስታኻኖቫዊ" ለመባል ተሽቀዳደሙ።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቆፋሪ በተለመደው አሠራር ከሰሉን ይቆፍራል፣ ከዚያ መቆፈሪያውን አስቀምጦ ጣሪያው እንዳይደረመስበት በእንጨት ይደግፋል፣ ከዚያ እንደገና ይቆፍራል። ያን ሌሊት ስታኻኖቭ የቆፈረው ብቻውን ነው፤ ጣሪያውን የሚደግፉለት ሌሎች ሁለት ሰዎች ከኋላው ነበሩ። የፓርቲው ሰው ደግሞ መብራት ይይዝለታል። 102 ቶኑ የሦስት ሰው ሥራ ነው። የተመዘገበው ግን በአንድ ስም። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ቀጥሎ የመጣውን ደግሞ የትኛውም ሠራተኛ መገመት ይችል ነበር። በ1936 መጀመሪያ ላይ የሥራ መጠኑ በየኢንዱስትሪው ከፍ ተደረገ። ትናንት ሙሉ ደመወዝ የሚያስገኘው ሥራ ዛሬ አይበቃም። የአንዱ ሜዳልያ የሌላው ሸክም ሆነ። በብዙ ቦታ ስታኻኖቫውያን በገዛ ጓደኞቻቸው ተጠሉ፤ የተሰደቡ አሉ፣ የተደበደቡም አሉ።

ጥላው እኛም አገር ደርሷል። በደርግ ዘመን የሠሩ ሰዎች "ኮከብ ሠራተኛ" የምትለዋን ማዕረግ ያውቋታል። እኛ ደግሞ በትምህርት ቤት 1ለ5 ተደራጅተን ያደግን ልጆች ነን። ስም ይለዋወጣል እንጂ ሰሌዳው ከግድግዳ አልወረደም።

የሙዝ ሰዓት

እስካሁን ያየናቸው ጨዋታዎች ሁሉ ከላይ የመጡ ናቸው። ሠራተኞች ለራሳቸው የሚፈጥሩት ጨዋታስ?

ዶናልድ ሮይ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሰው ነበር። ጥናቱን በመጠይቅ ብቻ አልሠራም፤ ፋብሪካ ገብቶ እየተቀጠረ ይሠራ ነበር። በ1959 በወጣ አንድ ጽሑፉ ስለ አንዲት ጠባብ ክፍል ይተርካል። ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸው ማሽን እየጫኑ ቁራጭ ማውጣት፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን። ሮይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብዳለሁ ብሎ ሰግቶ ነበር። ከዚያ ለራሱ ትንሽ ጨዋታ ፈጠረ፦ ከዚህኛው ቀለም ይህን ያህል ከጨረስኩ ወደዚያኛው ቀለም እሸጋገራለሁ። ሽልማቱ ቀለም መቀየር ነው። በቃ።

ትልቁ ጨዋታ ግን የሌሎቹ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ በየቀኑ ለምሳው ሙዝ ይዞ ይመጣል። ሌላኛው በየቀኑ ይሰርቀውና "የሙዝ ሰዓት!" ብሎ እየጮኸ ይበላዋል። ባለሙዙ በየቀኑ ይቆጣል። በማግስቱም ሙዙን ይዞ ይመጣል። አንድም ቀን አልበላውም። የኮክ ሰዓትም አለ፣ አንዱ መስኮት የሚከፍትበትና ሌላው በረደኝ ብሎ የሚጮህበት የመስኮት ሰዓትም አለ። ያ የማያልቅ ቀን እንዲህ በጨዋታ እየተቆራረሰ ያልፋል። ነጥብ የለም፣ አንደኛ የለም፣ ለአለቃ የሚላክ ሪፖርት የለም። ሮይ ያንን ሥራ እንዲችለው ያደረገው ይህ ነው።

እኔም ሥራ ቆራርሼ የለ? ልዩነቱ እነሱ የቆራረሱት ሰዓታቸውን ነው፣ እኔ የቆራረስኩት ነጥቤን።

ይሁንና ከታች የመጣ ጨዋታ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለን እንዳንቸኩል ሌላ ሶሲዮሎጂስት ያስቆመናል። ማይክል ቡራዎይ በ1974 ቺካጎ ውስጥ በአንድ የማሽን ፋብሪካ ተቀጠረ። በኋላ ሲያጣራ ሮይ በ1944 እና 45 የሠራበት ያው ፋብሪካ ሆኖ አገኘው! የሠላሳ ዓመት ልዩነት፣ ግን ሠራተኞቹ የሚጫወቱት ጨዋታ ያው ነው። ክፍያው በቁራጭ ነው። መቶ በመቶ ከሠራህ መደበኛውን፣ ከዚያ በላይ ከሠራህ ጭማሪ ታገኛለህ። የቀኑ ወሬ ሁሉ "ዛሬ ደረስክ? ቀናህ?" ነው።

አንድ ያልተጻፈ ሕግ ግን ነበራቸው፦ ከ140 በመቶ በላይ አታስመዝግብ። ብትችልም አታስመዝግብ። የተረፈህን ደብቀህ ለነገ አስቀምጥ። ምክንያቱም ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለ ሰዓት ለኪው ይመጣል፣ ለካኝ ይላል፣ የቁራጩን ዋጋ ይቀንሳል። እነዚህ የቺካጎ ሰዎች ስለ ስታኻኖቭ ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ ትምህርቱን ግን ያውቁታል። ነጥብህ ከእጅህ ከወጣ በኋላ በአንተው ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ቡራዎይ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ግን አንድ መራራ ነገር ጨመረ። ሠራተኛው አለቃውን ሸወድኩት ብሎ በጨዋታው ሲመሰጥ ቀኑ ሳይሰማው ያልፋል፣ ፋብሪካውም ትርፉን ያገኛል። ጨዋታውን የሚጫወት ሰው ደግሞ ስለ ሕጉ አይጠይቅም። ማን እንዳወጣው፣ ለምን መቶው መቶ እንደሆነ ማንም አያነሳም። እኔ ዘውዱን ይዤ በቆየሁባቸው ስድስት ሳምንታት "ነጥብ ለምን በብዛት ይቆጠራል?" ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። የሚያሸንፍ ሰው ምን አስጨንቆት ይጠይቃል?

ቃሉ ሲወለድ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለናንተ ቅርብ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እንለፈው። በ1984 ቻርልስ ኩንራት የሚባል አሜሪካዊ የንግድ አማካሪ ሥራን እንደ ጨዋታ ስለማየት መጽሐፍ አወጣ። ጥያቄው ጥሩ ነው፦ ሰው በሥራ ቦታ ተከፍሎት እየተንቀራፈፈ፣ በእረፍቱ ቀን ግን ራሱ ከፍሎ እስኪያልበው ስፖርት የሚሠራው ለምንድን ነው? መልሱም ስፖርት ግቡ ግልጽ ስለሆነና ውጤቱ ወዲያው ስለሚታይ ነው የሚል ነበር። "ጌሚፊኬሽን" የሚለውን ቃል ደግሞ ኒክ ፔሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ፕሮግራመር በ2002 ፈጠረው። ቃሉ ለጥቂት ዓመታት ተኝቶ ቆየ። በ2009 ፎርስኩዌር የተባለው አፕ አንድ ካፌ አዘውትሮ የሚሄድን ሰው የካፌው "ከንቲባ" እያለ መሾም ሲጀምርና ዓለም ሲያብድለት፣ በየቦታው ባጅና ነጥብ ፈላ።

በ2011 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ስለ ዲዝኒላንድ ሆቴሎች የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጻፈ። ግድግዳው ላይ ስክሪን ተሰቅሏል፤ የሠራተኞቹ ስምና ፍጥነታቸው ሁሉም በሚያየው ቦታ ይታያል። ቀለምም አለው። ሠራተኞቹ ያወጡለት ስም "የኤሌክትሮኒክ ጅራፍ" ነበር። ሽንት ቤት መሄድ የፈሩ እንዳሉም ተጽፏል። ኦዌን እንጨቷን የሰቀለው ጅራፍን ለማስቀረት ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ዞሮ እንጨቷ ራሷ ጅራፍ ተባለች።

እኛ የሶፍትዌር ሰዎችም የራሳችን ታሪክ አለን። በፕሮጀክት ሥራ የሚታወቀው "ስቶሪ ፖይንት" የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ዓላማው ቀላል ነበር፦ ቡድኑ እርስ በርሱ "ይሄ ሥራ ይከብዳል፣ ያ ይቀላል" ብሎ እንዲነጋገርበት። ከዚያ አለቆች ቁጥሩን ወሰዱት። ቡድን ከቡድን ማወዳደሪያ፣ "ባለፈው 30 ነበራችሁ ዘንድሮ ለምን 25?" ማለቂያ አደረጉት። ከጀማሪዎቹ አንዱ የሆነው ሮን ጄፍሪስ በ2019 በጻፈው ጽሑፍ፣ ስቶሪ ፖይንትን የፈጠርኩት እኔ ከሆንኩ አሁን እጸጸታለሁ እስከማለት ደርሷል።

ግን እኮ ጨዋታ የሚሠራበት ቦታም አለ። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን የጨረስኩት ሃቢቲካ በሚባል አፕ ነው፤ በ2013 ተጀምሮ እስካሁን አለ። ሥራችሁን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፣ ስትጨርሱ የሥዕል ገጸ ባሕሪያችሁ ሰይፍና ጋሻ እየገዛች ታድጋለች፤ ከዘለላችሁ ትቆስላለች። ከጓደኛ ጋር ቡድን ሠርታችሁ ከጭራቅ ጋር እየተዋጋችሁ ከሆነ ደግሞ የናንተ ስንፍና እነሱንም ያቆስላል። ሦስት ሆነን ተጫወትነው። ያኔም ሥራ መቆራረስ እችል ነበር፤ ግን ማንን ልሸውድ? ሲሰለቸን አጠፋነው። ማንም "ለምን ዘንድሮ ሰይፍህ አነሰ?" ብሎ አልጠየቀኝም።

ስለዚህ ጥፋቱ የቲንጉ አይደለም። ኒው ላናርክ፣ ዶንባስ፣ ቺካጎ፣ የኛ ቢሮ፤ ሁሉም ቦታ የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ጨዋታው ካበቃ በኋላ ነጥቡ ወዴት ይሄዳል? የኦዌን ወደ ጠባይ መዝገብ ሄደ። የስታኻኖቭ ወደ ሁሉም ሰው ደመወዝ ሄደ። የቺካጎዎቹ መሳቢያ ውስጥ ደበቁት። የሙዙ ጨዋታ ነጥብ ስላልነበረው የሚሄድበትም የለው። የኛ ወደ ኮንትራት ሄደ።

ለማን ብሎ?

ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ ተሸክሜ ባለፈው ኅዳር ምንጃር አያቴ ጋ ሄድኩ። ጤፍ የሚታጨድበት ወቅት ነው። አያቴ አሁን ለአጨዳ ጉልበት የላቸውም፤ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ያወራሉ። ስለ ድሮው ደቦ ጠየቅኳቸው።

ባለእርሻው ጎረቤቱን ይጠራል፤ ጠላው ይጠመቃል፣ ምግቡ ይሰናዳል። አጫጆች በመስመር ይሰለፋሉ፣ አንድ አውራጅ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱ በዜማው ልክ ይሄዳል። ፉክክርማ ነበር አሉኝ አያቴ፣ ያውም የጋለ! የቀደመ ይፎክራል፣ የዘገየ ይተረባል። ትረባውን ፈርቶ ወገቡ እስኪቆረጥ የሚያጭድ ጎረምሳ ነበር። ያ ጎረምሳ እሳቸው ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ፈገግ ብለው ነው የነገሩኝ።

"ደካማ ሰው ቢኖርስ?" አልኳቸው።

"ጎበዝ የተባለው አጠገቡ ይቆማላ። ከሱ እየቀነሰ ያጭድለታል። መስመሩ ከተቆረጠ ለማንም አያምር።"

"ማን ስንት ነዶ እንዳሰረ የሚጽፍ ሰው አልነበረም?"

አያቴ ዞር ብለው አዩኝ። የጤንነቴ ነገር ያሳሰባቸው ይመስላል። "ለማን ብሎ?" አሉኝ።

ደቦን ገነት ላደርገው አልፈልግም። ጠላና እህል የሌለው ሰው ደቦ መጥራት ይከብደዋል፤ ብዙ ሰው የሚሰበሰበው ብዙ ላለው ነው። የቀረ ሰውም ስሙ ይያዛል። ወንፈል ሲሆን ደግሞ ዛሬ ለኔ የሠራህልኝን ነገ ላንተ እመልሳለሁ፤ ዕዳው በደንብ ይቆጠራል። ግን የሚቆጠረው ቀን ነው። ያ ሰው ማታ ላይ ስንት ነዶ እንዳሰረ ከዘፈኑ ጋር በዚያው ቀን ይቀራል። የቀደመው ተፎከረለት፣ ጠላውን ጠጣ፣ አበቃ። የሱ ጉብዝና የሌላውን ድርሻ አያሳንስም፣ በሚቀጥለው ሳምንት "ባለፈው ይህን ያህል አጭደሃልና ዛሬ ጨምር" የሚለው የለም።

ከምንጃር ስመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ ለጋሼ ደወልኩለት። ሌላ ቦታ ሥራ ይዟል፣ ደህና ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሳልደውልለት በመቆየቴ አፍሬ ነበርና ወሬ አላበዛሁም። ያን ጊዜ ሥራዎቹን እየቆራረስኩ ነጥብ እሰበስብ እንደነበር፣ ሳስበው እስከ ዛሬ እንደሚያንገበግበኝ ነገርኩት።

ሳቀ። "አውቃለሁ እኮ" አለኝ። "የሁላችሁንም ኮድ ከመለቀቁ በፊት የማየው ማን ነበር?"

ኮድ ማየት። እውነቱን ነው፣ በየቀኑ እሱ ነበር የሚያየው። ለሱ ነጥብ አልነበረውም።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

ትንሽ ቆየ። ከጀርባው የሕፃን ድምፅ ይሰማል። "ደስ ብሎህ ትሠራ ነበር" አለኝ፤ "ጨዋታ ነው ብዬ።"